የሐይቅ መራጭ ያልቆጠረው ሦስተኛ ድምፅ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በሐይቅም ሆነ በአምባሰሏ ውጫሌ ድምፅ የሰጠ ሰው ከምርጫ አስፈጻሚዎች እጅ የተቀበለው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሁለተኛው ለአማራ ክልል ምክር ቤት። ወረቀቶቹን ኮሮጆ ውስጥ ከትቶ፣ ጣቱ ላይ የተቀባውን ቀለም እያየ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሁለት ምክር ቤት መረጥኩ ብሎ ነው። የመረጠው ግን ሦስት ነው።

ሦስተኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምርና የቀድሞው የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር አቶ አገኘሁ ተሻገር አፈ ጉባኤ ሆነው ሲመረጡ፣ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች የሐይቁ መራጭ በሁለተኛው ወረቀት የላካቸው የክልል ምክር ቤት አባላት የመረጧቸው ናቸው። መራጩ ግን በዚያች ወረቀት ላይ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚል ቃል አላነበበም። በቅስቀሳው ሰሞንም ስለዚህ ጉዳይ የነገረው ፓርቲ መኖሩን ይህ ጸሐፊ ይጠራጠራል። እኛ የጋዜጣ ሰዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። የተወካዮች ምክር ቤትን ውጤት በሠንጠረዥ ደርድረን፣ የትኛው ፓርቲ ስንት ወንበር እንዳገኘ በመቶኛ አስልተን እናትማለን። የላይኛው ምክር ቤት ውጤት ግን በጋዜጦቻችን ላይ እንደ ምርጫ ውጤት ሲወጣ አይታይም። አፈ ጉባኤው ማን ሆነ የሚለውን ዘግበን እናልፋለን።

ለመሆኑ ይህ ምክር ቤት ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ምኑ ነው?

በተለምዶ "የላይኛው ምክር ቤት" እንለዋለን እንጂ ሕግ አያወጣም። በዚህም ከአሜሪካው ሴኔትም ሆነ ከብዙዎቹ የዓለም አቻዎቹ ይለያል። ሥልጣኑ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥትን ይተረጉማል። የማንነትና የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄዎችን ይወስናል። በክልሎች መካከል ለሚነሱ አለመግባባቶች መፍትሔ ይፈልጋል፤ ስምምነት ከታጣ የወሰን ጉዳይ መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው። የፌዴራል መንግሥቱና የክልሎች የጋራ ገቢ የሚከፋፈልበትን፣ የድጎማ በጀት የሚታደልበትን ቀመር ያወጣል። የትኛውም ክልል ሕገ መንግሥቱን በመጣስ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ የፌዴራል መንግሥቱ ጣልቃ እንዲገባ ያዛል። ከተወካዮች ምክር ቤት ጋር አንድ ላይ ተሰብስቦም የአገሪቱን ፕሬዚዳንት ይመርጣል። ሕግ የማያወጣ ምክር ቤት ነው ብሎ የሚንቀው ካለ ይህን ዝርዝር ደግሞ ያንብበው።

ከገንዘቡ እንጀምር። የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ደመወዝ የሚከፍሉበት ብር አብዛኛው ከወረዳው ግብር የሚሰበሰብ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረዳ በጥቅል ድጎማ መልክ የሚወርድ ነው። የክልሉ ድርሻ ስንት ይሁን የሚለውን የሚወስነው ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ነው። ቀመሩ በየጊዜው ተሻሽሏል። በሁሉም ዘመን ግን የሕዝብ ቁጥር የሚጫወተው ሚና ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የሕዝብ ቁጥር ከተነሳ ደግሞ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ይነሳል። በ1987ቱ ቆጠራ 13.8 ሚሊዮን የነበረው የአማራ ክልል ሕዝብ ከ12 ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ይህ በዓመት 1.7 በመቶ ዕድገት ሲሆን የአገሪቱ አማካይ 2.6 በመቶ ነበር። ክልሉ እንደ አገሪቱ አማካይ ቢያድግ ኖሮ ከ19 ሚሊዮን በላይ በተቆጠረ ነበር። "ሁለት ሚሊዮን ሰው የት ገባ?" የሚለው ጥያቄ ተወካዮች ምክር ቤት ድረስ ደርሶ ብዙ አነጋገረ። ክርክሩ የስታቲስቲክስ ክርክር መስሎ ዘለቀ እንጂ ከላይኛው ምክር ቤት ወንበር ጋር ያለውን ዝምድና ያነሱት ጥቂቶች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል፤ በተጨማሪም ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተወካይ ይጨመርለታል። ስለዚህ ሁለት ሚሊዮን ሰው ማለት ሁለት ወንበር፣ ከዚያም በላይ በቀመሩ የሚሰላ የዓመት በጀት ነው።

ይኸው ቁጥር እስከ ዛሬ አልተተካም። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። አራተኛው ቆጠራ ግን በተደጋጋሚ ተላለፈ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ለአንድ ዓመት ሲያራዝሙት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትም እጃቸውን አውጥተዋል። ያ አንድ ዓመት ካለፈ ብዙ ክረምት ነጎደ። በ1999ኙ ቆጠራ ተሁለደሬና አምባሰል አንድ ላይ 240 ሺህ ገደማ፣ ደቡብ ወሎ በጠቅላላው 2.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራቸው። በወንበር እንመንዝረው ቢባል ደቡብ ወሎ ብቻውን የሁለት ተኩል ወንበር ባለቤት ነው። በወቅቱ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል፤ የወንበሩ ሒሳብ ግን ያው የድሮው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከገንዘብ የከበደ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ከሥልጣናቸው ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው እንዲተላለፍና የምክር ቤቶች ዘመን እንዲራዘም የቀረበለትን የሕገ መንግሥት ትርጉም በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ አጸደቀ። ትግራይ የራሷን ምርጫ ለማድረግ ስትነሳ ነሐሴ 30 ቀን ምርጫው ተቀባይነት የለውም ብሎ ወሰነ። ምርጫው ጳጉሜን 4 ቀን ተካሄደ። በመስከረም 2013 መገባደጃ የፌዴራል መንግሥቱ ከክልሉ ምክር ቤትና ካቢኔ ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲያቋርጥ ወሰነ። ጥቅምት 24 ሌሊት የሰሜን ዕዝ ጥቃት ደረሰበት፤ ጦርነቱ ተጀመረ። ጥቅምት 28 ቀን ምክር ቤቱ በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም አጸደቀ።

ጦርነቱን ያመጣው ምክር ቤቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጥይት የተኮሰውና ያስተኮሰው ማን እንደሆነ ሌላ ቦታ ብዙ ተጽፏል። የምለው፣ ወደ ጦርነቱ የወሰደው የፖለቲካ ጉዞ በየምዕራፉ በዚህ ምክር ቤት ውሳኔ በኩል እያለፈ ነው የሄደው። አምባሰል ደግሞ ይህን የተማረው ከጋዜጣ አይደለም። ተኩሱ ከመቀሌ ተነስቶ በወልድያ፣ በውጫሌና በሐይቅ አድርጎ ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ደሴ ሲገባ የዚያ አካባቢ ሰው ከብቱን እየነዳ፣ ልጁን አዝሎ ነበር የሚሸሸው። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን ነፃ ሲወጡ ተመላሹ የተዘረፈ ጤና ጣቢያ ጠበቀው። አዲሱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲመሠረትና ደሴ ስትያዝ በመካከላቸው የነበረው አንድ ወር እንኳ አይሞላም።

ከጃንጥራር እስከ ተወካይ

አምባሰል ከላይኛው ምክር ቤት ጋር ያለው ትውውቅ በ1987 ዓ.ም. የጀመረ አይደለም። የአካባቢው ገዢዎች ጃንጥራር የሚል የራሳቸው ማዕረግ ነበራቸው፤ እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው። ባለቤታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ባወጁት ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት ተቋቋመ። የላይኛው፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የሚባለው፣ አባላቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ የሚሾሟቸው ነበሩ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያውን ምክር ቤት አባላት ሕዝብ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ምርጫው ተደረገ። የሕግ መወሰኛው ግን በሹመት ቀጠለ። ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ፓርላማውን ሲዘጋ የአምባሰል ገበሬ ለላይኛው ምክር ቤት አንድም ቀን ድምፅ ሳይሰጥ ነው የተዘጋው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሹመቱን አስቀረ። ሕዝቡ ግን ቀጥታ ይምረጥ አላለም፤ አይምረጥም አላለም። አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 የክልል ምክር ቤቶች አባላቱን ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ ይላል። ሁለት በር ከፍቶ ነው የተወው። ሁለተኛውን በር የገፋው አንድም ክልል የለም። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ ነው።

በነገራችን ላይ የአንድ አንቀጽ ሁለት ንባብ ለአምባሰል ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነበር፤ ነገሩ አድዋ ላይ ነው የተቋጨው። የእኛው አንቀጽ በአንድ ቋንቋ የተጻፈ ሆኖ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ችግሩ ከትርጉም የመጣ ሳይሆን የተሰጠውን ምርጫ የሚጠቀምበት መጥፋቱ ነው።

አሸናፊው ሁሉን ሲወስድ

ክልሉ ምክር ቤት ራሱ ይምረጥ ከተባለ እንዴት ይምረጥ? ሕገ መንግሥቱ ይህን አይነግረንም። በአሠራር የምናውቀው አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ዝርዝሩን ሲያቀርብና ምክር ቤቱ ሲያጸድቅ ነው። ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው።

በ1997ቱ ምርጫ ይፋ በሆነው ውጤት ከ294ቱ የአማራ ክልል ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 188፣ ቅንጅት 106 አገኙ። ቅንጅት 36 በመቶ ማለት ነው። በ1987ቱ ቆጠራ የአማራ ብሔር 16 ሚሊዮን ስለነበር በቀመሩ 17 ወንበር ይደርሰዋል። ሁሉም በባሕር ዳሩ ምክር ቤት በኩል ያልፋሉ ብለን ብናሰላ የ36 በመቶ ድርሻ ስድስት ወንበር ነው። 188ቱ እጅ ካወጡ ግን 17ቱንም ይወስዳሉ፤ 106ቱ አንድም አይደርሳቸው። በዚያ ሰሞን ቅንጅት ፓርላማ ይግባ አይግባ በሚለው ሙግት አገሩ ሁሉ ስለተወጠረ ይህን ሒሳብ የሠራው ሰው ቢኖር እንኳ የሰማው አልነበረም። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 294ቱም ወንበር የአንድ ፓርቲ ስለሆነ ሒሳቡም አላስፈለገ።

ሕንድን እንይ። የሕንድ የላይኛው ምክር ቤት፣ ራጅያ ሳባ፣ አብዛኞቹ አባላቱ ልክ እንደ እኛው በክልል ምክር ቤቶች ነው የሚመረጡት። ልዩነቱ ድምፅ አሰጣጡ በተመጣጣኝ ውክልና መሆኑ ነው። የምክር ቤቱ አባል ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ትርፍ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ምርጫው ይተላለፋል። በክልሉ ምክር ቤት ሲሶ ወንበር ያለው ተቃዋሚ ከላይኛው ምክር ቤት ወንበርም ሲሶ ያህሉን አያጣም። ብዙ ቋንቋና ብዙ ሃይማኖት ያላት ያች አገር ለዚህ ብላ አልፈረሰችም።

አሜሪካኖች ሌላውን መንገድ ሄዱ። ሴናተሮቻቸውን ከመቶ ዓመት በላይ የመረጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። ጉቦውና እልሁ በዛ። የደላዌር ግዛት ምክር ቤት መስማማት አቅቶት እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 1903 ግዛቲቱ በሴኔት አንድም ተወካይ ያልነበራት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በ1913 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን ለሕዝብ ሰጡት።

ታዲያ እኛም ለሕዝብ እንስጠው? ብዙ የከተማ ምሁራን እንደዚያ ሲሉ ይደመጣሉ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ የማስበው እንደዚያ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ወሎ ነው።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወንበር የቦታ አይደለም፤ የብሔር፣ የብሔረሰብና የሕዝብ ነው። "የተሁለደሬ ተወካይ" ወይም "የአምባሰል ተወካይ" የሚባል ሰው እዚያ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ቀጥታ ምርጫ ይደረግ ከተባለ የአማራን ወንበር ማን ይምረጥ? የአርጎባን፣ የአዊን፣ የኽምራንስ? እያንዳንዱ መራጭ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ብሔሩን ማስመዝገብ ሊኖርበት ነው። ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ አባቱ ከባቲ እናቱ ከአምባሰል የሆነ፣ አያቱ ሸኽ አጎቱ ቄስ የሆነ ሰው የትኛው ሰልፍ ላይ ይቁም? በዚያ አገር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መዝገብ መክፈት ይሆናል። ባለፉት ዓመታት ከደረሰበት በኋላ ወሎን በዚህ ዓይነት ምዝገባ መፈተን አስተዋይነት አይመስለኝም።

ሌላም እንቅፋት አለ። በ1999ኙ ቆጠራ 20 ሚሊዮን ከሚጠጋው የአማራ ብሔር አራት ሚሊዮን ያህሉ የተቆጠረው ከአማራ ክልል ውጭ ነው። የወንበሩ ቁጥር ሲሰላ እነሱም ይቆጠራሉ፤ ለባሕር ዳሩ ምክር ቤት ድምፅ ግን አይሰጡም። አዲስ አበባ ደግሞ ክልል ስላልሆነች በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር ሲኖራት በፌዴሬሽን ምክር ቤት በስሟ የሚቀመጥ የለም። ይህን የምታነቡ የመዲናይቱ ነዋሪዎች በዚህ ነገር ከሐይቁ መራጭ ትብሳላችሁ እንጂ አትሻሉም። እሱ ቢያንስ በተዘዋዋሪ ይመርጣል።

ትንንሽ ሕዝቦችን እንዳይዋጡ የሚጠብቀው የ"ቢያንስ አንድ ወንበር" ድንጋጌ ግን የሚነካ አይደለም። 30 ሺህ ያህል የሆነው የሐረሪ ሕዝብ አንድ ወንበር ማግኘቱ የሥርዓቱ መሠረት ነው። ጥያቄው ከአንድ በላይ ወንበር ያለው ሕዝብ ወንበሮቹን በውስጡ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። ሃያ ወንበር ሁሉ ለአንድ ፓርቲ፣ ምናልባትም ለጥቂት ከተሞች ባለሥልጣናት ሲሰጥ ሌላው ሐሳብና ሌላው አካባቢ የት ይሂድ?

አስገራሚው ነገር የክልሉ የራሱ ሕገ መንግሥት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ይዟል። የአማራ ክልል ሁለተኛ ምክር ቤት የለውም። በቀድሞው የደቡብ ክልል የነበረው የብሔረሰቦች ምክር ቤት ዓይነት አላቋቋመም። የክልሉን ሕገ መንግሥት እንዲተረጉም ያቋቋመው ኮሚሽን ግን አባላቱ ከየብሔረሰብ አስተዳደር ምክር ቤትና ከየወረዳ ምክር ቤት የሚወከሉ ናቸው። በዚህ ኮሚሽን ውስጥ አምባሰል አንድ ወንበር አላት፣ ተሁለደሬም አንድ። ለክልሉ ሕገ መንግሥት ትርጉም የወረዳ ወኪል ካስፈለገ፣ ለአገሪቱ ሕገ መንግሥት ትርጉም የዞን ስብጥር የማያስፈልግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ስለዚህ የዚህ ጸሐፊ ሐሳብ ቀጥታ ምርጫ ይሁን የሚል አይደለም። ምርጫው እዚያው ክልል ምክር ቤት ውስጥ ይቆይ፤ ነገር ግን እንደ ሕንዶቹ በተመጣጣኝ ድምፅ፣ ከእነሱ በተለየ ደግሞ በምስጢር ይሁን። የዕጩዎቹ ስምና ከየትኛው ዞን እንደመጡ ጉባኤው ከመቀመጡ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይታተም። የሐይቅና የውጫሌ ሰው ለክልል ምክር ቤት የላከውን ተወካይ "ማንን ልትመርጥ ነው?" ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ያግኝ። ከምርጫው በኋላም ማን በስንት ድምፅ እንዳለፈ ይገለጽ።

የሚሰነዘረውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ግጭት ውስጥ የገባ ክልል ስለ ድምፅ አቆጣጠር ዘዴ የሚያወራበት ጊዜ ነው ወይ? ለእኔ ግን በመሣሪያ ያልተፈቱት የወሰንና የማንነት ጥያቄዎች፣ የራያና የወልቃይትን ጨምሮ፣ በሕግ መንገድ ከሄዱ ማረፊያቸው ይኸው ምክር ቤት ነው። በዚያ ጉዳይ ላይ ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ማንነት ለወሎ ገበሬ ግድ ካልሰጠው ምን ግድ ይሰጠዋል? በፓርቲ ዝርዝር በጅምላ የገባ ተወካይ ለውሳኔ እጁን ሲያወጣ ወደ ዝርዝሩ አዘጋጅ ነው የሚያየው። የሰኔ 2012ቱን ድምፅ ያስታውሱ፤ 114 ለ4።

እንዲህ ያለውን ለውጥ ለማድረግ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም። አንቀጽ 61 ምክር ቤቶቹ ራሳቸው ይምረጡ ሲል በአብላጫ ጨፍልቀው ይምረጡ አላለም። አዲስ የክልል ምክር ቤት በተመሠረተ ቁጥር ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያ ጉባኤ ይጠራል፤ አፈ ጉባኤ ይሰየማል፣ ርዕሰ መስተዳድር ይሾማል፣ ካቢኔ ይጸድቃል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወካዮች ምርጫም በአጀንዳው ላይ ሌላ አንድ ነጥብ ነው። በዚያ ጉባኤ የሚቀመጡት የተሁለደሬና የአምባሰል ተመራጮች ዝርዝሩ በወንበራቸው ላይ ሲታደል እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት የአሠራር ጥያቄ አለን ብለው ሊነሱ ይችላሉ። የምክር ቤት አባል ይህን ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።